ድምፁ ብቻ አይበቃንም



የዛሬው ጽሑፋችን ለወጣቶች፣ ለወላጆችና ወጣቶችን ለሚያገለግሉ ወገኖች ነው። ጉዳዩ ሰው ከሞተ በኋላ በኮምፒውተር ውስጥ «ስለሚቀጥለው» ሕይወት የሚተርኩ ልብ ወለዶችና ፊልሞች ናቸው። በባሕር ዳር ከሁለተኛ ደረጃና ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር የእግዚአብሔርን ቃል ስናጠና፣ ስለ ትንሣኤ በተነጋገርን ቁጥር እነዚህ ታሪኮች አብረው ይነሣሉ። መጽሐፎቹ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋሉ፤ ፊልሞቹም በፍላሽ ይዞራሉ። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «የሰው አእምሮና ትዝታ ሁሉ በኮምፒውተር ከተቀመጠ ያ ሰው አለ ማለት አይደለም ወይ? እናንተ ከምትሰብኩት ትንሣኤስ በምን ይለያል?»

አንዳንድ ወገኖች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ «ተወው፣ የዓለም ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን መታለፍ የለበትም እንላለን። በዚህ ክልል ባለፉት ዓመታት ያልቀበረ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ልጇ ወጥቶ የቀረባት፣ አስከሬኑን እንኳ ያላየች እናት በመካከላችን አለች። በእጇ የቀረው ስልክ ነው፤ በስልኩ ውስጥ ደግሞ ድምፁ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ወጣት «የሞተውን መልሶ ማናገር ይቻላል» የሚል ታሪክ ሲያነብ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይሆንለትም።

ታሪኮቹ ምን ይላሉ?

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሜሪ ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ለወጣቶች ያሳተመችው «ዚ አዶሬሽን ኦቭ ጄና ፎክስ» የተባለ ልብ ወለድ አለ። የ17 ዓመቷ ጄና ከከባድ የመኪና አደጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ራሷን ስታ ቆይታ ትነቃለች። ማን እንደሆነች አታስታውስም። በልጅነቷ የተቀረጹ የቤተሰብ ቪዲዮዎችን እያየች ራሷን ለማወቅ ትሞክራለች። እያደር እውነቱ ይገለጥላታል፤ ከአንጎሏ የተረፈው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። የቀረው አካሏ በላቦራቶሪ የተሠራ፣ ትዝታዋም በኮምፒውተር ተገልብጦ የተመለሰ ነው። ወላጆቿ ሕግ ጥሰው ይህን ያደረጉት ከክፋት አይደለም። ልጃቸውን መቅበር አቅቷቸው ነው። አያቷ ግን ሌሎች ሊያነሡት የማይደፍሩትን ጥያቄ በልቧ ይዛለች፤ ይህች የተሠራች ልጅ ነፍስ አላት ወይ? በመጨረሻ ጄና የአእምሮዋን መጠባበቂያ ቅጂ ራሷ ታጠፋዋለች። እንደ ማንም ሰው አንድ ሕይወት ብቻ ሊኖራት ትመርጣለች።

የፓትሪክ ኔስ «ሞር ዛን ዚስ» እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። በባሕር ሰጥሞ የሞተ ጎረምሳ በባዶ ከተማ ውስጥ ይነቃል። እየቆየ የሚያገኘው ነገር ያስደነግጠዋል፤ ሰዎች የእውኑ ዓለም ስለመረራቸው የሬሳ ሣጥን በሚመስል ነገር ውስጥ ተኝተው፣ አእምሯቸው በኮምፒውተር መረብ ውስጥ ሌላ ኑሮ ይኖራል። በዚያው በ2013 የታየው አንድ የ«ብላክ ሚረር» ክፍል ደግሞ የፍቅር ጓደኛዋን በአደጋ ያጣች ወጣት ሴት፣ እሱ በሕይወት ሳለ ከጻፋቸው መልእክቶች ከተሠራ ፕሮግራም ጋር ስታወራ ያሳያል። በ2020 የጀመረው «አፕሎድ» የተባለ ተከታታይ ፊልም ነገሩን በቀልድ ያቀርበዋል። በዚያ የኮምፒውተር «ገነት» ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰፊ ክፍል ይከራያል፤ ድሃው በወር 2 ጊጋ ይሰጠዋል፤ ዳታው ሲያልቅበት እስከሚቀጥለው ወር ደርቆ ይቆማል።

ይህን የመጨረሻውን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። የእኛ ሰው ጥቅል ሲያልቅ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ነገሩ ከልብ ወለድ አልፏል

በፈረንጆቹ የካቲት 2020 የደቡብ ኮሪያው ኤምቢሲ ቴሌቪዥን አንድ ዘጋቢ ፊልም አስተላለፈ። በ7 ዓመቷ በሕመም የሞተች ሕፃን ምስል ከፎቶዎቿና ከቪዲዮዎቿ ተሠርቶ፣ እናቷ ልዩ መነጽርና ጓንት አድርጋ «አገኘቻት»። እናትየው ባዶ አየር እየዳሰሰች ስታለቅስ ዓለም አየ። ከዚያ ወዲህም የሟችን መልእክት፣ ድምፅና ፎቶ ተቀብለው «እሱን ሆኖ» የሚመልስ ፕሮግራም የሚሸጡ ድርጅቶች በተለያዩ አገሮች ተነሥተዋል። ቴክኖሎጂው ለእኛም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ የመጣችውን ሶፊያ የተባለች ሮቦት ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ በሶፍትዌሯ ሥራ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት።

ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፍርሃትንም አጉል ተስፋንም ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ሟቹ የጻፋቸውን ብዙ ዓረፍተ ነገሮች ይመለከታል። የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ሰውየው ሲቀልድ ምን እንደሚል፣ እናቱን እንዴት እንደሚጠራ ይለያል። ከዚያ አዲስ ጥያቄ ሲቀርብለት «እሱ ቢኖር ሊመልስ የሚችለውን» ይገምታል። ግምቱ አንዳንዴ እጅግ የተሳካ ይሆናል። ነገር ግን እናቱን የሚያውቅ፣ የሚወድ፣ የሚናፍቅ ማንም በዚያ ውስጥ የለም።

አእምሮን ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የሚባለውም ገና ሕልም ነው። የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉት። ተመራማሪዎች በ2024 የአንዲት አዋቂ የፍራፍሬ ዝንብ አንጎል ካርታ ጨረሱ ተብሎ በዓለም ዙሪያ ታላቅ ዜና ሆነ፤ የዝንቧ የነርቭ ሴሎች ወደ 139,000 ገደማ ናቸው። ለዚያውም የተሠራው ካርታ ነው፤ ካርታው አይበርም፣ ፍሬም አይቀምስም። ይህን የምንለው በሳይንሱ ለመሳለቅ አይደለም። ከእግዚአብሔር ሥራ አንዷን ዝንብ ለማንበብ ይህን ያህል ከደከምን፣ በአምሳሉ የተፈጠረው ሰው ምንኛ ድንቅ ነው ለማለት ነው። መዝሙረኛው በመዝሙር 139 በማኅፀን ስለተሠራበት ጥበብ የተደነቀው በከንቱ አልነበረም።

ልብ የወለደው

ታዲያ እነዚህን መጻሕፍት ከልጆቻችን እጅ እንንጠቅ? አይደለም። ይልቅ ልብ ምን እየፈለገ እንደሆነ የሚናገሩትን እናዳምጥ።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስም ራሱ ከጣና ጋር ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመውን፣ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውንና በኋላ «ጦቢያ» በሚል የታወቀውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት በዘጌ ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ የምንደርስበት የቡናው ደን። ጥቂት ቆይቶም በ1915 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ን አሳተሙ፤ የጆን ቡንያንን የመንፈሳዊ መንገደኛ ታሪክ መነሻ አድርገው ነፍስ በዚህ ዓለም ስለምታደርገው ጉዞ የጻፉት ነው። በአማርኛ የፈጠራ ድርሰት ገና ሲጀምር የሰው መጨረሻ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ይዞ ነበር ማለት ነው።

መክብብ 3 ላይ ጠቢቡ እግዚአብሔር ዘላለምን በሰው ልብ እንዳኖረ ይነግረናል። ዘላለም የተቀመጠበት ልብ የሚወልደው ታሪክ ሞትን እንደ ተራ ነገር ሊቀበለው አይችልም። የሊቨርፑልም ሆነ የባሕር ዳር ወጣት ሞት ሲያመው ትክክል ነው፤ ቃሉም ሞትን የኋለኛው ጠላት ይለዋል እንጂ ወዳጅ አይለውም። ስለዚህ የጄና ፎክስ ወላጆች ፍቅር ሞትን እምቢ ማለቱ አያስነቅፋቸውም። የሳቱት መልሱን የፈለጉበት ቦታ ነው።

ከዳጋ ደሴት እስከ ሰርቨር

ሙታንን ከእኛ ጋር የማቆየት ፍላጎት በጣና ዳር አዲስ አይደለም። በሐይቁ መካከል ባለችው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የቀደሙ ነገሥታት አጽም መስተዋት ባለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ከእነርሱ መካከል ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1468 ያረፉት ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዘድንግልና በ1667 ያረፉት ፋሲለደስ እንደሚገኙ ይነገራል። የጎንደርን ግንብ ያሠራ ንጉሥ ዛሬ በአንድ ደሴት ላይ በሣጥን ውስጥ ነው። መነኮሳቱ ዘመን ከዘመን አጽሙን ጠብቀዋል። በእምነት ሥርዓት ከእነርሱ ጋር የምንለያይባቸው ነገሮች ቢኖሩም፣ ለሰው ሥጋ የሰጡት ክብር ሊያስተምረን ይገባል። አጽሙ አይናገርም፤ ጠባቂዎቹም ይናገራል አይሉም። የቀረው መጠበቅ ነው፤ የመጨረሻውን መለከት መጠበቅ።

አዲሱ ዘመን ያመጣው የዚህን ተቃራኒ ነው። በዳጋ ያለው ድምፅ የሌለው አካል ነው፤ በኮምፒውተር የሚሸጠው አካል የሌለው ድምፅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብናስቀምጣቸውም ሰው አይሆኑም። በሕዝቅኤል 37 ነቢዩ ያየው የደረቀ አጥንት ጅማትና ሥጋ ከለበሰ በኋላ እንኳ እስትንፋስ ከእግዚአብሔር እስኪመጣ ድረስ ሬሳ ነበር። ሕይወት የሚመጣው ከሰጪው ነው፤ በተቀማጭ መረጃ ብዛት አይገኝም።

ደግሞስ ያ «ዘላለም» የቆመው በምን ላይ ነው? በሰርቨር ላይ። ሰርቨሩ በመብራት ላይ፣ መብራቱ በውኃ ላይ፣ ሁሉም በድርጅቱ ትርፍና በመንግሥታት ውሳኔ ላይ። ከጣና በዋሻ ተስቦ ወደ በለስ የሚወርደው ውኃ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል፤ ያም ሆኖ መብራት ሲጠፋ ሻማ የማይፈልግ ቤት የለንም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆነ እናስታውሳለን። በውጭ አገር ያሉ ልጆች የወላጆቻቸውን ፊት ማየት ተሳናቸው፤ የተማሪው ትምህርት፣ የነጋዴው ሥራ ቆመ። እኛ በሕይወት ያለነው እንኳ በመረቡ ላይ «ጠፍተን» ነበር። በአንድ ቁልፍ የሚጠፋ ነገር ዘላለም ሊባል አይችልም። ይህን ለመረዳት ከባሕር ዳር ሰው የተሻለ ማን አለ?

ትዝታ ማስቀመጥና ሙታንን መጥራት

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

የሟችን ፎቶ፣ የድምፅ መልእክት፣ የጻፈውን ደብዳቤ ማስቀመጥ ኀጢአት አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሟችን ገጽ የመታሰቢያ ገጽ አድርጎ ማቆየት ፈቅዷል፤ ብዙ ቤተሰብም በዓመቱ ገብቶ ያነባል፣ ያለቅሳል። እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ድንጋይ ያቆሙት ልጆቻቸው እንዲጠይቁና እንዲያስታውሱ ነበር። እህታችን ሆይ፣ የልጅሽን ድምፅ ሌሊት ተነሥተሽ ብትሰሚ ማንም አይፍረድብሽ። ያ ድምፅ እውነተኛ ነው፤ እሱ ራሱ፣ በዚያን ቀን፣ ለአንቺ የተናገረው ነው።

ሌላው ግን እርሱ ያልተናገረውን በእርሱ ስም የሚናገር ድምፅ ማስነሣት ነው። ንጉሥ ሳኦል በጭንቁ ቀን ወደ ዓይንዶር ሴት የሄደው ምክር ፈልጎ ነበር (1ኛ ሳሙኤል 28)። ሕያው እግዚአብሔር ዝም ሲለው ከሙታን ቃል ሊሰማ ወጣ፤ የተመለሰው በባሰ ፍርሃት ነው። ዘዳግም 18 ሙታንን የሚጠይቁትን የሚያወግዘው እግዚአብሔር ለኀዘናችን ስለማይራራ አይደለም። ያዘነ ልብ በቀላሉ እንደሚታለል ስለሚያውቅ ነው። እኛ በስልኩ ውስጥ የሟቹ መንፈስ አለ አንልም፤ አሁን እንደተናገርነው ያለው የቃላት ግምት ነው። ሆኖም ያዘነች እናት «ልጄ፣ ላግባ ወይስ ልቆይ? ቤቱን ልሽጠው?» ብላ ስትጠይቀውና የሚላትን ስታደርግ ከዓይንዶር መንገድ ምን ያህል ትርቃለች? ደግሞም ያንን ድምፅ የሚሸጠው ድርጅት ክፍያው እንዳይቋረጥ ኀዘኗ እንዳያበቃ ይፈልጋል። ከኀዘንተኛ እንባ በየወሩ ኪራይ መሰብሰብ ምን ዓይነት ንግድ ነው?

ዳዊት ልጁ ሲታመም ጾመ፣ በምድር ላይ ተኛ፣ ለመነ። ልጁ ሲሞት ተነሥቶ ታጠበ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ እንጀራም በላ (2ኛ ሳሙኤል 12)። ባሪያዎቹ ግራ ገባቸው። እርሱ ግን ልጁ ወደ እርሱ እንደማይመለስ፣ እርሱ ግን ወደ ልጁ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። የአማኝ ኀዘን አቅጣጫ ይህ ነው። ሙታንን ወደዚህ አንጎትትም፤ ወደ ፊት እየተጓዝን ነው።

በሐይቅ ዳር የተጠበሰ ዓሣ

ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ እንመለስ፤ ትንሣኤ ከዚህ በምን ይለያል?

ጥያቄው የሚከብደን በአንዳንድ መድረኮች የሚሰበከው የዘላለም ሕይወት አካል የሌለው በመሆኑ ነው። ነፍስ ከሥጋ ወጥታ በደመና ላይ ስትንሳፈፍ፣ ሥጋ ደግሞ እንደ አሮጌ ልብስ ተጥሎ ሲቀር ብቻ የሰማ ወጣት፣ «ታዲያ አእምሮ በኮምፒውተር ውስጥ ቢንሳፈፍ ምን ልዩነት አለው?» ቢል አይፈረድበትም። የወንጌሉ ተስፋ ግን እንዲህ አይደለም። ከሥጋ ተለይቶ ከጌታ ጋር መሆን እንዳለ እናምናለን፤ ጳውሎስም ናፍቆታል። ነገር ግን ያ መጨረሻው አይደለም። መጨረሻው የሥጋ ትንሣኤ ነው።

ዮሐንስ 21ን የጣና ዳር ሰው ሲያነበው ሽታው ሁሉ ይመጣለታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው ምንም ያልያዙ ዓሣ አጥማጆች። ንጋት። በሐይቁ ዳር የከሰል ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም። ያንን ፍም ያያያዘው፣ ዓሣውን የጠበሰው ከሞት የተነሣው ጌታ ነው። መረባቸው 153 ትልልቅ ዓሦች ይዞ ወጣ፤ አንድ ሰው ቆጥሯቸዋል። በሉቃስ 24 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ እጁንና እግሩን አሳያቸው፤ ይህም አልበቃ ሲላቸው የተጠበሰ ዓሣ ተቀብሎ በፊታቸው በላ። ቶማስም የችንካሩን ምልክት ያየው በዚያው በተሰቀለው እጅ ላይ ነው።

የእግዚአብሔር ልጅ ለደቀ መዛሙርቱ ቅጂውን አልላከላቸውም። ትዝታው በልባቸው እንዲኖር ትቶላቸው አልሄደም። መቃብሩ ባዶ ሆነ፤ ያው የሞተው እርሱ ተነሣ። ቀረሶና አምባዛ ከሚጠበስበት ከሐይቃችን ዳር ተቀምጠን ልንረዳው የምንችለው ተስፋ ይህ ነው፤ የሚዳሰስ፣ የሚበላ፣ በስም የሚጠራ፣ ጠባሳው የሚታወቅ ሕይወት። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ይህን በዘር ይመስለዋል። ገበሬ ጤፍ ሲዘራ የጤፉን ፎቶ አያስቀምጥም፤ ራሱን ጤፉን ለአፈር አደራ ይሰጣል። የሚበቅለው ከተዘራው እጅግ የከበረ ነው፤ ነገር ግን ከዚያው ከተዘራው ነው።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ለወንጌል አማኞች የመቃብር ቦታ ማግኘት ለረጅም ዘመን ቀላል አልነበረም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሬሳ ይዘው የሚቀብሩበት አጥተው የተንከራተቱበት ጊዜ ነበር። «ሥጋው አፈር ነው፤ የትም ይጣል» አላሉም። ለምን? ያ ሥጋ የሚነሣ ዘር መሆኑን ስለሚያምኑ ነው። ከባድ ዋጋ የተከፈለበትን ይህን እምነት ዛሬ በስልክ ላይ ባለ ድምፅ ልንለውጠው አንችልም።

ያልተቀበሩትስ? በየዱሩ የቀሩት፣ መቃብራቸው የማይታወቅ? ራእይ 20 ባሕርም የያዘቻቸውን ሙታን እንደምትሰጥ ይናገራል። እግዚአብሔር ሰውን ለማስነሣት መጠባበቂያ ቅጂ አያስፈልገውም። ኢሳይያስ 49 ላይ ሕዝቡን በእጁ መዳፍ እንደቀረጸ ይናገራል፤ የራስ ጠጉራችንም የተቆጠረ መሆኑን ጌታ ነግሮናል። ልጅሽ የት እንደወደቀ አንቺ ባታውቂም፣ የሚያውቅ አለ። እርሱ ደግሞ መብራት አይጠፋበትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለወላጆችና ለወጣት አገልጋዮች፦ መጽሐፉን ከመንጠቅ አብራችሁ አንብቡት። ከዚያ ሦስት ነገሮች ጠይቁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚወደደው ሰውየው ነው ወይስ ትዝታው? ያ «ዘላለም» የተሰጠው ለማን ነው፤ ለሁሉ ወይስ ለከፋይ? በመጨረሻስ እንባን የሚያብስ አለ? ወጣቶቹ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። የጄና ፎክስ ደራሲም ሆነች የ«ሞር ዛን ዚስ» ጸሐፊ የኮምፒውተሩን ሕይወት እንደ ገነት አላቀረቡትም፤ በጭንቀት የተሞላ አድርገው ጽፈውታል። ልባቸው የነገራቸውን ለመስማት ክርስቲያን መሆን አላስፈለጋቸውም። መልሱን ለመስጠት ግን ክርስቶስ ያስፈልጋል።

ለቤተ ክርስቲያን፦ ኀዘንተኛን አትቸኩሉበት። ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል፤ ለቅሶ ደራሹ ይበተናል፤ ስልክ ደጋግሞ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። «አማኝ አያለቅስም» የሚል ትምህርት ከወንጌል አይደለም፤ ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣው ወደ መቃብሩ እየሄደ አልቅሷል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ማዘንን ነው። በአርባኛው ቀን፣ በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ የሚያንኳኳ ወንድም፣ ቡና አፍልታ አብራ የምትቀመጥ እህት ካሉ፣ ያዘነ ሰው የሚያወራው ፕሮግራም ፍለጋ አይወጣም። የሟቹን ስም መጥራት አትፍሩ። «እንዲህ ይል ነበር» በሉ፤ ሳቁ፤ አልቅሱ። ስለ ሰው የሚመሰክር ሰው ነው።

ለመጻፍ ጸጋ ላላችሁ ወጣቶች፦ ጻፉ። የአፈወርቅና የኅሩይ ቋንቋ በእጃችሁ ነው። ታንኳውን፣ ደንገሉን፣ ጀልባ የሚጠብቀውን የዘጌ ልጅ፣ የወንድሙን ስልክ በኪሱ ይዞ የሚዞረውን ጎረምሳ ታውቃላችሁ። ሞት የሚያምበትን ያህል እንዲያም አድርጋችሁ ጻፉ፤ ስብከት እንዲመስል አትቸኩሉ። ትንሣኤን የሚናፍቅ ልብ ወለድ በአማርኛ ያስፈልገናል።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት ይህን የምታነበው የምትወደው ሰው ድምፅ ባለበት በዚያው ስልክ ላይ ይሆናል። ድምፁን አታጥፋው። ግን ከእርሱ የሚበልጥ ድምፅ እንዳለ አስታውስ። ዮሐንስ 5 በመቃብር ያሉት ሁሉ የእግዚአብሔርን ልጅ ድምፅ የሚሰሙበት ሰዓት እንደሚመጣ ይናገራል። በዚያ ቀን የምንሰማው የሙታንን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሙታን እርሱን ሰምተው ይወጣሉ። በክርስቶስ ያንቀላፉት ወገኖቻችን በእግራቸው ቆመው ይመጣሉ፤ እኛም ፊታቸውን እናያለን፣ እናቅፋቸዋለን።

ያዘናችሁ ሁሉ፣ የትንሣኤው ጌታ ያጽናችሁ። ማራናታ፤ ጌታ ሆይ ና።